«ከዳ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር እቀመጣለሁ። ጉልበቴ ከድቶኛል፤ ርቄ አልሄድም። «ጉልበቴ ከዳኝ» ስል ማንም አይቆጣም። እንቅልፍም ይከዳል፣ ዕድልም ይከዳል። ሰው ላይ ሲወድቅ ግን ይኸው ቃል ስም ያጠፋል፣ እንጀራ ይዘጋል። እኔ አንድ ጊዜ በዚህ ቃል ሰው ጎድቻለሁ። የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

ዕድሜዬን በኅብረት ሥራ ባለሙያነት ነው የጨረስኩት። ሥራ ስጀምር እዚሁ ባሕር ዳር የአንድ ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ቃለ ጉባኤ እይዝ ነበር። አንድ ቀን በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ አባል ተነሡና «ከዛሬ ጀምሮ ለብቻዬ ላስግር» አሉ። ሁለት መረብ ይዘው መጥተዋል። ገና አልደረቀም። ወለሉ ላይ ዘርግተው የተቀደደውንና የተጠገነውን እያሳዩ አስረከቡ። የቀረሶ ቅርፊት እዚያም እዚህም ተጣብቆበት ነበር። ሰብሳቢው ግን ተናደው ነበርና «ከዳን ብለህ ጻፍ!» አሉኝ። እኔም «ማኅበሩን ከድተው ሄደዋል» ብዬ ጻፍኩ።

ከወራት በኋላ ሰውየው ሌላ ማኅበር ለመግባት ጠየቁ። መሸኛ አምጡ ተባሉ። ከመሸኛው ጋር የቃለ ጉባኤው ግልባጭ ሄደ። «ከድተው» የምትለው ቃል ተነበበች፣ በሩም ተዘጋ። ቢሮዬ መጡ። አልጮኹም። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙና «ልጄ፣ ምናችሁን ነው የከዳሁት? መረባችሁን ቆጥሬ አስረክቤ የለም?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ከሰባቱ የኅብረት ሥራ መርሆች የመጀመሪያው አባልነት በፈቃድ ነው የሚለው ነው። ይህንን እኔው ነበርኩ የማስተምረው። በፈቃዱ የገባ ሰው በፈቃዱ ሲወጣ ክህደቱ ምኑ ላይ ነው?

አማርኛችን ለዚህ ነገር ቃል አልጎደለውም። ሳይናገር የጠፋ ሰው ኮበለለ ይባላል። ሐሳቡ ከብዙኃኑ የተለየ አፈነገጠ ይባላል፤ አፈንጋጭ ደግሞ ቤቱን ላይለቅ ይችላል። ዕቁብ ሳይደርሰው የወጣ ወጣ ነው። ደርሶት የጠፋ ግን በላ ነው። እናንተ ደግሞ «ላሽ አለ» ትላላችሁ፤ ይቺን ቃል እወዳታለሁ፣ ሰውን አትኮንንም።

ካደና ከዳም አንድ አይደሉም። መካድ ያወቁትን አላውቅም፣ የተቀበሉትን አልተቀበልኩም ማለት ነው። ብድር ይካዳል። መክዳት ደግሞ ያመነህን ሰው በተማመነብህ ሰዓት ጥሎ መዞር ነው። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ካደ፤ ይሁዳ ግን በሠላሳ ብር ሸጠ። ጴጥሮስ አለቀሰ፣ ተመለሰ። ዛሬ ከሃዲው ጴጥሮስ የሚለው የለም፣ ቅዱስ ጴጥሮስ ነው የምንለው።

ከዚህ ሐይቅ ማዶ ጎርጎራ አለ፤ ዐፄ ሱስንዮስ የተቀመጡበት አገር። እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጡ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 የአገሩን ሃይማኖት ወደ ቀድሞው ኦርቶዶክስ መለሱና ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» የሚባለው የዚያን ጊዜ ነው። ለአንዱ ወገን መጀመሪያ ካዱ፣ ኋላ ተመለሱ። ለሌላው ወገን መጀመሪያ ተመለሱ፣ ኋላ ካዱ። ንጉሡ ያው አንድ ሰው ናቸው።

ባንዳ የሚለውንም አስቡት። በጣሊያንኛ ጓድ፣ ጭፍራ ማለት ነው። ጣሊያን አገሬውን አስታጥቆ ያሰለፈው ጦር በዚህ ስም ይጠራ ነበር። የወገን ደም የፈሰሰበት ቃል ነው። ዛሬ ግን ፌስቡክ ላይ ከእኛ የተለየ ሐሳብ የጻፈ ሁሉ ሲጠራበት አያለሁ። ያመኛል። ወገኑን ለጠላት የመራ ሰውና ከስብሰባ የቀረ ሰው በአንድ ቃል ከተጠሩ፣ እውነተኛው ከዳተኛ ሲመጣ ምን ብለን ልንጠራው ነው? መክዳት የለም አላልኩም። አለ፣ አጥንት ይሰብራል። ቃሉን ለእሱ አቆዩለት።

ስለዚህ ሰው ሲለያችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ጠይቁ፦ የማን የሆነ ይዞ ሄደ? ማንን አጋልጦ ሄደ? ማንንም ካልሆነ፣ ለቀቀ በሉ።

እናንተም መልቀቃችሁ አይቀርም። መሥሪያ ቤት ትለቃላችሁ፣ ማኅበር ትለቃላችሁ፣ ያመናችሁበትን ሐሳብም ትለቁ ይሆናል። ፊት ለፊት ተናገሩ። ቁልፉንም ሰነዱንም አስረክቡ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ እንኳን ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስጥ ነው የሚለው፤ ከዳተኛ አይለውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትናንት ያመናችሁበትን «ድሮም አላመንኩበትም» አትበሉ። «አምኜበት ነበር፣ አሁን ሐሳቤ ተለወጠ» በሉ። ይኼኛው መልቀቅ ነው፤ ያኛው መካድ ነው።

ያን ጊዜ፣ ሰውየው ቢሮዬ መጥተው ከሄዱ በኋላ፣ በቀጣዩ የማኅበሩ ስብሰባ እጄን አውጥቼ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ዐረፍተ ነገሩ ተሰረዘ፣ ተፈረመበት። በቦታው «የማኅበሩን ንብረት አስረክበው በፈቃዳቸው ለቀዋል» ብዬ ጻፍኩ። ግልባጩን ይዤ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ሰውየው ማንበብ አይችሉምና ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። ወረቀቱን አጣጥፈው በፌስታል ጠቀለሉት፣ ውኃ እንዳያገኘው ሸሚዛቸው ውስጥ ከተቱት፣ ከዚያ ታንኳቸው ላይ ወጡ።