ከከፈልኩ በኋላ ቦርሳዬ ለምን ይፈተሻል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከባሕር ዳር ስለ ሱፐርማርኬት ፍተሻ ለደረሱን ደብዳቤዎች

ጥያቄ፦ ሱፐርማርኬት ስገባ በር ላይ ተፈትሼ እገባለሁ። ገዝቼ፣ ከፍዬ ስወጣ ደግሞ ጥበቃው ደረሰኝ ተቀብሎ ቦርሳዬን በእጁ ይበረብራል፤ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ያያል። እንዲህ የማድረግ ሥልጣን አለው? እምቢ ብለውስ? (ከፋሲሎ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ እህታችን፣ ሁለቱ ፍተሻዎች ለየቅል ናቸው። የመግቢያው ለጸጥታ ነው፤ የሚፈለገው መሣሪያና ስለት ነው፤ በባንክም በመናኸሪያም የተለመደ ነው። የመውጫው ግን የሱቁ የራሱ ሒሳብ ነው። የግል ጥበቃ ደግሞ ፖሊስ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የሰውን አካልና ንብረት ከመመርመር ይጠብቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 11ም ሕግ ከፈቀደው ውጭ ማንም ሰው ነጻነቱ እንዳይገደብና እንዳይበረበር ይከለክላል። ስለዚህ ጥበቃው «ላየው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ከፈቀዱለት ያያል፤ ካልፈቀዱ ቦርሳዎን መንጠቅ አይችልም። ሰው ዕቃ ደብቆ ሲወጣ እጅ ከፍንጅ ከተያዘ ነገሩ ይለያል። ያኔም ቢሆን የሱቁ ድርሻ ሳይውል ሳያድር ለፖሊስ ማስረከብ ነው። ጓዳ አስገብቶ ልብስ ማስወለቅ፣ ፎቶ አንስቶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ወይም «እጥፉን ክፈልና ሂድ» ማለት ሱቁን ራሱን ያስከስሰዋል።

በደንብ የሚሠራ የመውጫ ፍተሻ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ቦርሳውን የሚከፍተው ደንበኛው ነው፤ ጥበቃው እጁን ሳያስገባ ያያል፤ ውድ ውድ የሆኑትን ሁለት ሦስት ዕቃዎች ከደረሰኙ ጋር ያመሳክራል፤ ደረሰኙ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጎ ይመልሳል። የሴት የእጅ ቦርሳ ከሆነ ሴት ፈታሽ፣ ከሰልፉ ፈቀቅ ብሎ። እርስዎም ከሌላ ሱቅ የገዙት ሳሙና ወይም ዱቄት ወተት ከያዙ ሲገቡ ያሳዩና ምልክት ያስለጥፉበት። ሲወጡ «ይሄ የእኔ ነው» ከሚል ጭቅጭቅ ያድንዎታል።

ሰውን ከፍተሻው በላይ የሚያስከፋው አድልዎ ይመስለናል። ጋቢ የለበሰውን የገጠር ሰው አስቁሞ፣ ባለመኪናውን በፈገግታ የሚሸኝ ጥበቃ ሌባ አይይዝም። ወይ ሁሉም ይታያል፣ ወይ በየአሥረኛው ሰው ይታያል፤ በመልክና በልብስ መምረጥ ግን ስድብ ነው።

ጥያቄ፦ የከፈልኩበትን ጫማ ይዤ ስወጣ የበሩ ማሽን ጮኸ። እንደ ሌባ አዩኝ፤ ምንም አልተገኘብኝም። ማሽኑ ለምን ይሳሳታል? (ከበላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ማሽኑ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስርቆት ለመከላከል ዕቃው ላይ የሚደረገው መለያ ሥራው ሳይቋረጥ (ሳይጠፋ) በበሩ ማለፉን። ሒሳብ መከፈሉን አያውቅም። በብዛት የሚታዩት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በ8.2 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ነው፤ መለያው ከጀርባው የተጠማዘዘ ቀጭን የብረት መስመር ያለበት አራት ማዕዘን ወረቀት ነው። ሁለተኛው በ58 ኪሎኸርዝ የሚሠራ ሲሆን፣ መለያው የጣት ስፋት የማይሞላ ነጭ ፕላስቲክ ነው፤ ብዙ ጊዜ የውሸት ባርኮድ ስለሚታተምበት ሰው መለያ መሆኑን ልብ አይለውም። በልብስና በጫማ ላይ በመርፌ የሚታሰረው ጠንካራው ፕላስቲክ ደግሞ ካሸሯ ጋ ባለ ማግኔት ብቻ ይፈታል።

ወረቀቱና ነጩ ፕላስቲክ ካሸሯ ፊት ባለው ጠፍጣፋ ማጥፊያ ላይ ሲያልፉ ይሞታሉ። ስህተቱ የሚፈጠረው በአብዛኛው እዚህ ነው። ዕቃው ከማጥፊያው ከፍ ብሎ በፍጥነት ከተወረወረ፣ መለያው ያለበት ወገን ወደ ላይ ከዞረ ወይም ሁለት ዕቃ ተደራርቦ ካለፈ ሳይጠፋ ይቀራል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማጥፊያው ሳይበራ መቅረቱም አለ፤ ካሸሯ ባርኮዱ «ቲት» ስላለ ብቻ ሁሉም የተስተካከለ ይመስላታል። በአንድ ጠዋት ብዙ ደንበኛ ላይ ከጮኸ መጀመሪያ የሚታየው የማጥፊያው ሶኬት ነው። ከዚህ ሌላ፣ ከሌላ ሱቅ በተገዛ አዲስ ጫማ ሶል ወይም ቦርሳ ኪስ ውስጥ የቀረ መለያም በየሄዱበት ያስጮህብዎታል። በሩ አጠገብ፣ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት መለያ ያለበት ዕቃ የተደረደረ እንደሆነ ደግሞ ማንም ሳያልፍ ይጮኻል።

ሲጮህ የሚደረገው ይህ ነው። ቦርሳውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ባዶ እጅዎን ይለፉ። ካልጮኸ ነገሩ ያለው ቦርሳው ውስጥ ነው፤ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ በበሩ ያሳልፉ፤ የጮኸው ተለይቶ ወደ ማጥፊያው ይመለስ። ባዶ እጅዎን ሲያልፉ ከጮኸም የተጫሙትን ጫማ አውልቀው ይሞክሩ። ጥበቃው በመጀመሪያው ድምፅ «ቁም!» ብሎ መጮህ የለበትም፤ «ካሸሯ ሳታጠፋው ቀርታ ይሆናል፣ አንዴ እንየው» ማለት ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ አነስተኛ ሱፐርማርኬት አለኝ። ዕቃ ይጎድላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ሁሉም ሰው ሲወጣ እንዲበረበር፣ የጎደለውም ከጥበቃውና ከካሸሯ ደመወዝ እንዲቆረጥ ላደርግ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከጣና ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ በመጀመሪያ ምን እንደጎደለ ይወቁ። ሃያ ያህል ቶሎ የሚሸጡና ውድ ዕቃዎችን ይምረጡና በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን ይቁጠሩ። ለምሳሌ 18 ዲዮዶራንት ነበረ፣ 24 ገባ፣ 31 ተሸጠ፣ 2 ጊዜው አልፎበት ተጣለ እንበል። መገኘት ያለበት 9 ነው። መደርደሪያው ላይ 6 ካለ 3 ጎድሏል። ከዚያ ጎን ያለውን ተመሳሳይ ዕቃ ይቁጠሩ። የሮዙ ሽታ 3 ጎድሎ የሎሚው 3 ከተረፈ ሌባ የለም፤ ካሸሯ የሁለቱን ዋጋ በአንድ ባርኮድ እያስገባች ነው። ተከፍቶ የመጣ ካርቶን ሳይቆጠር መረከብ፣ ጊዜው ያለፈበትን ሳይመዘግቡ መጣልም መዝገቡን ያጎድላሉ።

እውነተኛው ስርቆት የሚበዛው ትንሽና ውድ በሆነው ላይ ነው፦ ምላጭ፣ ሽቶ፣ ባትሪ፣ ቸኮሌት፣ የሕፃናት ዱቄት ወተት። እነዚህን ካሸሯ አጠገብ ያድርጓቸው፤ ከፊት አንድ ሁለት ብቻ ይደርድሩ። የመሀል መደርደሪያ ከሰው ትከሻ አይብለጥ። ካሜራ አንድ ብቻ ካለዎት የሒሳብ ጠረጴዛውንና መውጫውን ባንድ ላይ እንዲያይ ይስቀሉት። ካሸሯ የተከፈለበትን ከረጢት አፉን አጥፋ ከነደረሰኙ በስቴፕለር ብትመታው ጥበቃው የሚከፍተው ነገር አይኖረውም። «ቦርሳ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚለውን ጽሑፍ ደግሞ ያንሱት፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ፌስታልን ከከለከለ በኋላ ደንበኛ ዘንቢሉን የት ያድርገው?

ደመወዝ መቁረጡን ይተውት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ አይፈቅድም፤ ሲፈቅድም ከወር ደመወዙ ሲሶ አያልፍም። ደግሞም ከኪሱ እንዳይቆረጥበት የሚፈራ ጥበቃ ነው የደንበኛን ቦርሳ እስከ ታች የሚበረብረው።

ጥያቄ፦ ከሐይቁ ዳር ቆሮሶ ዓሣ ገዝቼ ሱፐርማርኬት ብገባ ዕቃ ማስቀመጫው አልቀበልም አለኝ። ይዤ ልግባ ስልም ተከለከልኩ። (ከግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ እዚህ ላይ ለሱቁ እናደላለን። የዓሣው ውኃ ጎን የተቀመጠውን የሌላ ሰው ዳቦ ያበላሻል። ሱፐርማርኬቱን አስቀድመው ዓሣውን መጨረሻ ይግዙ፤ ለዓሣውም ይሻለዋል። ሌላ ዕቃ ሲያስቀምጡ ግን ገንዘብና ስልክ አውጥተው ይያዙ፤ ቁጥር ያለው ካርድ ሳይቀበሉ አይሂዱ። ተቀብሎ ያስቀመጠ ሱቅ አደራ ተቀብሏል። «ለሚጠፋ ዕቃ ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ማስታወቂያ መለጠፉ ብቻውን በቸልተኝነት ለጠፋው ነጻ አያወጣውም። ካርዱ ከጠፋብዎት ዕቃው ከመሰጠቱ በፊት ውስጡ ምን እንዳለ ይጠየቁ፣ መታወቂያዎ ታይቶም በመዝገብ ይፈርሙ።