ንጉሡ እውነት ረስቷት ነበር?

ስለ ጥንታዊ የሳንስክሪት የፍቅር ታሪኮች ከደረሱኝ ጥያቄዎች የተወሰኑት እነሆ።

«የደመናው መልእክተኛ» በሚባለው የጥንታዊው ሕንዳዊ ባለቅኔ የካሊዳሳ ግጥም ባልየው ደመና ከሚልክ ለምን ራሱ ወደ ሚስቱ አይሄድም?

የአንድ ዓመት ግዞት ተፈርዶበት ነዋ!

አንዲት አንባቢ የካሊዳሳን ተውኔት «ሻኩንታላ» አንብበው ከባለቤታቸው ጋር ተሟግተዋል። ባል ሆዬ «ንጉሥ ዱሽያንታ እርግማን ይዞት እንጂ ሚስቱን አልካዳትም» ይላሉ። ፍረድ ተብያለሁ።

እፈርዳለሁ። ታሪኩ ቀድሞ በተጻፈበት በጥንታዊው የሕንድ ረጅም የግጥም ተረክ በማሃባራታ ውስጥ እርግማንም ቀለበትም የለም። እዚያ ሻኩንታላ ንጉሡን የተቀበለችው «የምወልደው ልጅ አልጋህን ይወርሳል» የሚል ቃል አስገብታው ነው። ዓመታት አልፈው ልጇን ይዛ ችሎቱ ፊት ስትቆም፣ ተራኪው ነገሩን ሳያለባብስ «እያስታወሰ አላስታውስም አለ» ይለናል። እሷም አንገቷን ደፍታ አልተመለሰችም። ዓይኗ ደም ለብሶ፣ እያወቅህ እንደ ተራ ሰው አላውቅም ትላለህን፣ በልብህ ያለው ምስክር አያይህምን ብላ አፋጠጠችው። ከሰማይ የመጣ ድምፅ ሲመሰክርላት ንጉሡ እኔም አውቅ ነበር፣ ሕዝቡ እንዳይጠራጠር ብዬ ነው አለ። ይባስ ብሎ በቁጣ ለተናገረችው ክፉ ቃል ይቅር አላት። እሱ እሷን!

ካሊዳሳ እንዲህ ያለውን ንጉሥ መድረክ ላይ ለማውጣት የደፈረ አይመስለኝም። ቁጡውን መናኝ ዱርቫሳን አመጣና፣ ሻኩንታላ በፍቅር ሐሳብ ተውጣ ስላልተቀበለችው «የምታስቢው ሰው ይርሳሽ» ብሎ እንዲረግማት አደረገ። ንጉሡ የሰጣት ቀለበት ውሃ ውስጥ ወደቀ፣ ዓሣ ዋጠው፣ ያገኘው ምስኪን ዓሣ አጥማጅ በሌባነት ተይዞ ተደበደበ፣ ንጉሡም ቀለበቱን ባየ ጊዜ ሁሉም ነገር ትዝ አለው። ግጥሙ ዕጹብ ነው። ዊልያም ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1789 ወደ እንግሊዝኛ ከመለሰው በኋላ ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ ሳይቀር አድንቆታል። ጥፋቱ ግን ከካጁ ላይ ተነሥቶ እንግዳ ሳትቀበል በቀረችው ሴት ላይ ተጫነ። ባለቤትዎ የተከራከሩት ለካሊዳሳው ንጉሥ ከሆነ ረትተዋል። ለማሃባራታው ከሆነ ይግባኝ የለውም።

አባታቸው የልጆቻቸውን ስም መሳት የጀመሩባቸው አንባቢ፣ ቤተሰቡ «የዱርቫሳ እርግማን ነው» እያለ እንደሚቀልድ ጽፈዋል።

ቀልዱን ተዉትና በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው። መርሳት ሊታከም በሚችል ሕመም፣ ለምሳሌ በቫይታሚን ቢ12 እጥረት ወይም በታይሮይድ ዕጢ መዛባት ሊመጣ ይችላል። «ዕድሜ ነው» የሚል ጎረቤት አይስሙ፤ የነርቭ ሐኪም ይያቸው።

በማሃባራታ ውስጥ ልዕልት ዳማያንቲ ባል ስትመርጥ፣ አራት አማልክት የምትወደውን የንጉሥ ናላን መልክ ይዘው አጠገቡ ሲቆሙ በምን ለየችው?

አማልክቱ አያልባቸውም፣ ዓይናቸው አይርገበገብም፣ እግራቸውም መሬት አይነካም። ናላ ግን አልቦት፣ አቧራ ለብሶ፣ የአበባ ጉንጉኑ ጠውልጎ ቆሟል። እሷም ጉንጉኗን ለላበው አጠለቀች።

የ«ደመናው መልእክተኛ» ስንኝ ስንት ቀለም (ክፍለ ቃል) አለው?

17። የቀረውን የሳንስክሪት መምህር ይጠይቁ።