መልስ፦ «ኦታኩ» ስድብ ነው ወይስ ሙገሳ?

«አኒሜ ስለማበዛ ጓደኛዬ ኦታኩ አለኝ፤ ልቀየመው?» ላልከው፦ ኧረ አትቀየም። ኦታኩ የሚባለው እንደ አኒሜ (የጃፓን ካርቱን ፊልም) ባለ ነገር ፍቅር ክፉኛ የተለከፈ ሰው ነው። የሚገርመው፣ ቃሉ ሲነሳ የአክብሮት ነበር። ቀጥታ ፍቺው «ቤትዎ» ነው፤ ጃፓኖች ብዙም የማይቀርቡትን ሰው «እርስዎ» ለማለት ይጠቀሙበታል። የማንጋ (በሥዕል የሚተረክ የጃፓን መጽሐፍ) እና የአኒሜ ወዳጆች ግን እርስ በርስም በዚሁ ይጠራሩ ጀመር። አስበው፣ ሁለት ጎረምሶች ስለ ካርቱን እያወሩ አንቱ ሲባባሉ! እ.ኤ.አ. በ1983 ናካሞሪ አኪዮ የተባለ ጸሐፊ በአንድ የማንጋ መጽሔት ላይ ይህንኑ ይዞ አላገጠባቸው። ስሙም ተለጠፈባቸው። እኛ ጋ «አንቱ የተባለ» ሙገሳ ነው፤ እዚያ መሳለቂያ ሆኖ አረፈ።

ነገሩ የከፋው በ1989 ነው። አራት ሕፃናትን የገደለ ሰው ሲያዝ ክፍሉ በሺዎች በሚቆጠር የቪዲዮ ካሴት ታጭቆ ተገኘ። ሚዲያው «ኦታኩ» አለው፤ ቃሉ ለዓመታት አስፈሪ ሆነ። ከ2000 ወዲህ ግን ለዘብ ብሏል። ዛሬ የባቡር ኦታኩ ሁሉ አለ። የቶኪዮው አኪሃባራ ሰፈርም በእነሱ ገበያ ደምቋል። ከጃፓን ውጭማ ብዙ አድናቂ ራሱን በኩራት ነው የሚጠራበት። ጃፓናዊ ካገኘህ ግን ቀድመህ «ኦታኩ» አትበለው፤ አሁንም የሚጎረብጣቸው አሉ።