ማክሌኒያ ደሴ ላይ ቅጠሏ ለምን ቢጫ ሆነ? ግንዷ ሥር ያበጠውስ?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ሁለት ነው። ከውጭ የመጣችልሽ ማክሌኒያ የምትባለው የአበባ ቁጥቋጦ ቅጠሏ ለምን ቢጫ ሆነ? ግንዷ ሥር ያበጠውን ነገርስ ልቁረጠው? ቢላዋውን ሳታነሺ ከሁለተኛው ልጀምር።

አብሽሪ፣ እብጠቱ በሽታ አይደለም። ጎተራዋ ነው። ውሃና ምግብ የምታስቀምጥበት እንጨታም ጉብታ ነው። ዝናብ ሲጠፋ ከዚያ ትኖራለች። ቅርንጫፏ ቢደርቅም ከዚያው ልታቆጠቁጥ ትችላለች። ከአፈሩ ትንሽ ብቅ ብሎ ይታይ፣ አትቅበሪው።

ፎቶሽ ላይ ያለችው ማክሌኒያ ኢንሲግኒስ የምትባለዋን ትመስላለች። አገሯ ደቡብ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው፣ ጉም የማይለየው የተራራ ደን። እዚያ ብዙ ጊዜ መሬት አትነካም። ትልቅ ዛፍ ላይ ወጥታ፣ በዛፉ ሽበትና በበሰበሰ ቅጠል መሃል ሥሯን ሰዳ ትኖራለች። ግን እንደ እኛ አገር ተቀጽላ የዛፉን ምግብ አትመጥም። ዛፉ መቀመጫዋ ብቻ ነው። ስለዚህ ግቢሽ ውስጥ ዛፍ የለም ብለሽ አትጨነቂ። ማሰሮ ይበቃታል፣ ብቻ ሥሯ አየር ያግኝ።

ከአስታ ጋር ዘመድ ናት ብልሽ ላታምኚኝ ትችያለሽ። በቦረና ሳይንት ደጋ ላይ ያለው አስታ ቅጠሉ ደቃቅ ነው፣ የእሷ ደግሞ ሰፊና ቆዳ የመሰለ። ቢሆንም አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ብሉቤሪም አለበት። አዲስ ቅጠሏ ቀላ ብሎ ሲወጣ እንዳትደነግጪ፣ ተፈጥሮዋ ነው። አበባዋ ቀይ ብርቱካናማ ሆኖ ሰም የተቀባ ይመስላል፣ ቱቦ ሆኖ ቁልቁል ይንጠለጠላል። በአገሯ ሀሚንግበርድ የምትባል ትንሽ ወፍ ናት የምትጎበኛት። እኛ ጋ ሀሚንግበርድ የለም።

አሁን ወደ ቢጫው። ይህ ቤተሰብ በጥቅሉ አሲዳማ አፈር ይወዳል፣ ፒኤች (የአሲድ መለኪያው ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር አሲዱ ይቀንሳል) ከ4.5 እስከ 5.5 አካባቢ። ከዚያ ብዙ ሲያልፍ ብረት መሳብ ያቅታታል። ቅጠሉ ይገረጣል፣ ደም ሥሮቹ ግን አረንጓዴ ይቀራሉ። አንቺ ደግሞ ቀይ አፈር ላይ አመድ ነሰነስኩበት ብለሻል። አመድ ለጎመን ጥሩ ነው፣ የአፈሩን አሲድ ስለሚቀንስ ለእሷ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ዛሬውኑ አውጪያት። ሥሯ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስለሆነ አፈሩን በውሃ አለስልሰሽ በእርጋታ አራግፊው።

እኔ ኮምቦልቻ የማበቅልበት እንዲህ ነው፦ ግማሹን የተሰባበረ የዛፍ ቅርፊት፣ የቀረውን የበሰበሰ ቅጠልና ደቅቆ የታጠበ፣ ክብደቱ ቀላል የሆነ ባለ ቀዳዳ ድንጋይ። ማሰሮው ከታች ብዙ ቀዳዳ ይኑረው። ዳፕና ዩሪያ አታስጠጊያት። ውሃዋን ከተቻለ የዝናብ አድርጊው። ክረምት ከቆርቆሮ የወረደውን በበርሜል ያዢ፣ በበጋ ታመሰግኚኛለሽ። የቧንቧ ውሃ ኖራ ከበዛበት አፈሩን ቀስ እያለ ይለውጠዋል።

በአየሩ በኩል ደሴ ትበልጠናለች ባይ ነኝ። ሐረጎን ወርደሽ ኮምቦልቻ ስትገቢ ሙቀቱ ይለያል። እኔ ሙሉ ቀን ጥላ ሥር ነው ያስቀመጥኳት፣ አንቺ ግን የጧት ፀሐይ ብትሰጫት ጥሩ ነው። የጦሳ ጉምና የክረምቱ ርጥበት ይስማማታል። የሚያሰጋኝ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ነው። ውርጭ አትችልም፣ ያን ጊዜ በረንዳ ሥር ወይም ቤት አስገቢያት። በበጋ ነፋስ ደግሞ ቶሎ ትደርቃለች፣ ጣትሽን አስገብተሽ ላዩ ደረቅ ሲልሽ አጠጪ። ከሥሯ ውሃ ተኝቶ እንዲያድር ግን አትፍቀጂ።

ከቀየርሽላት በኋላ የሚወጣውን አዲስ ቅጠል ተመልከቺ፣ ያረጀው ቢጫ ተመልሶ አረንጓዴ ላይሆን ይችላል። ደም ሥሩም አብሮ ከገረጣ ነገሩ ሌላ ነውና ፎቶውን ከቅርብ አንስተሽ ለጥፊው።