«የጠፋው ትውልድ» ወይስ «የባከነው»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፓሪስ ስለነበሩ አሜሪካውያን ደራስያን አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። በእንግሊዝኛ «ሎስት ጀነሬሽን» ይሏቸዋል። «የጠፋው ትውልድ» ብዬ ጻፍኩ። ወንድሜ አነበበና «እንዴ፣ ሁሉም አለቁ?» አለኝ። ስደተኞችና ተስፋ የቆረጡ ማለቴስ ልክ ነው?

መልስ፦ ወንድምዎ ደህና አድርገው ሰምተዋል። «ጠፋ» ብዙ ሥራ ያለበት ቃል ነው። መብራት ይጠፋል። ወታደር ከሰፈሩ ይጠፋል። የሰነበተ ወዳጃችንን «ምነው ጠፋህ?» እንለዋለን። ከ«ትውልድ» ጋር ሲገጥም ግን ጆሯችን ቶሎ የሚሰማው እልቂት ነው። በተለይ እኛ አገር፣ «ያ ትውልድ» ሲባል ዛሬም ሆዱ የሚባባ ሰው ባለበት። እንግሊዞችም በዚሁ ስም በጦርነቱ ያለቁ ወጣቶቻቸውን ይጠሩበታል። ለእነዚያ «የጠፋው» ይስማማል። የእርስዎዎቹ ግን የተረፉት ናቸው።

ከእነዚህ ደራስያን አንዱ የሆነው ሄሚንግዌይ እንደተረከው ነገሩ የተጀመረው ጋራዥ ውስጥ ነው። ፓሪስ የምትኖረው ደራሲ ገርትሩድ ስታይን አሮጌ ፎርድ ነበረቻት። ከጦርነት የተመለሰ ወጣት መካኒክ በወጉ አልሠራላትም። የጋራዡ ባለቤት ልጁን ሲቆጣ «ዤኔራሲዮን ፔርዱ» አለ፤ «ሎስት ጀነሬሽን» ማለት ነው በፈረንሳይኛ። ስታይን ቃሉን ይዛ ሄደችና ለሄሚንግዌይና ለእኩዮቹ ሰጠቻቸው። እሱም በ1926 (በፈረንጆች) በወጣው «ዘ ሰን ኦልሶ ራይዝስ» በተባለው ልቦለዱ መግቢያ ላይ አሰፈረው። ከሥሩ መጽሐፈ መክብብን ጠቀሰ፦ «ትውልድ ይሄዳል፥ ትውልድም ይመጣል፤ ምድር ግን ለዘላለም ነው።»

ፈረንሳዮች በከንቱ ያለፈ ጊዜንም «ፔርዱ» ይሉታል። ስለዚህ እኔ «የባከነው ትውልድ» እላለሁ። እናቴ ገበያ ውላ ያሰበችውን ሳታገኝ ስትመለስ፣ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን እያሸች «ስባክን ዋልኩ» ትል ነበር። መንከራተቱም፣ ባዶ እጅ መመለሱም በዚያች በአንዷ ቃል ውስጥ አለ። የእነዚህም ወጣትነት እንዲሁ ነው የባከነው፦ ሄሚንግዌይ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ሊነዳ ጣሊያን ሄዶ፣ በሞርታር ሲቆስል 19 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

«ጠፋ»ን አልተውም ካሉ «በ»ን ያስገቡበት፦ «መንገድ የጠፋበት ትውልድ»። «ልጁ ጠፋ» ሲባል ግራ የሚገባው ፈላጊው ነው። «ልጁ መንገድ ጠፋበት» ሲባል ግን ግራ የገባው ልጁ ራሱ ነው። ለስም ይረዝማል እንጂ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ያምራል።

ስደተኞች ግን አይበሏቸው፤ እባክዎን። ማንም አላባረራቸውም። የፈረንሳይ ገንዘብ ፍራንክ ረክሶ ስለነበር በጥቂት ዶላር ፓሪስ ላይ ደህና ይኖሩ ነበር፤ ሲያሻቸውም አገራቸው ይገባሉ። የስደትን ትርጉም በረሃና ባሕር ያቋረጡት ልጆቻችን ያውቁታል። «ፓሪስ የከረሙ ደራስያን» ይበቃል። የከረመ ሰው ይመለሳል፤ ሄሚንግዌይም በ1921 መጨረሻ ገብቶ በ1928 ወጥቷል።

«ተስፋ የቆረጡ» የሚለውም አልጣመኝም። ተስፋ የቆረጠ ሰው ይተዋል፤ እነዚህ ግን ሌት ተቀን ይጽፉ ነበር። በ1929 በወጣው የሄሚንግዌይ ልቦለድ ውስጥ የሚተርከው መኮንን «ክብር»፣ «መስዋዕትነት» የሚሉትን ቃላት ሲሰማ ያፍራል። አፉ ላይ የማይከብዱት የመንደሮች ስም፣ የመንገዶች ቁጥርና ቀኖች ብቻ ናቸው። እኔ ብሆን «ያመኑት ቃል የከዳቸው» እል ነበር።