የአይጥ ቆዳ የደም ሥር ሴሎች ሲረዝሙ መጀመሪያ ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ ከአይጥ ቆዳ የወጡ የጥቃቅን ደም ሥር ኢንዶቴልያል ሴሎችን (የደም ሥርን የውስጥ ግድግዳ የሚሸፍኑ ሴሎችን) ለምርምር አሳድጋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ያምራሉ። ሁለተኛው ፓሴጅ (ሴሎቹን ወደ አዲስ ዕቃ ማሻገር) ላይ ግን ቀጫጭንና ረዣዥም ሴሎች ፍላስኩን (የማሳደጊያ ጠርሙሱን) ይሞሉታል። ሴረም (ሴሎችን የሚመግብ የደም ፈሳሽ ክፍል) ልጨምር?

መልስ፦ ሴረሙን ባይነኩት ይሻላል። ከቆዳ በወጣ ናሙና ውስጥ ጥቂት ፋይብሮብላስት (የአያያዥ ሕብረ ሕዋስ ሴል) ሊቀር ይችላል። ፋይብሮብላስት ደግሞ ሴረም ሲያገኝ እንደ አረም ነው። ኢንዶቴልያል ሴሎች ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት፤ እንደ ቪኢጂኤፍ ያሉ የዕድገት ፋክተሮችም ይፈልጋሉ። ሴረም ሲጨምሩ የሚጠቅሙት አብዛኛውን ጊዜ የማይፈልጉትን ሴል ነው።

ግን ፋይብሮብላስት ነው ብለው አይደምድሙ። ራሳቸው ኢንዶቴልያል ሴሎቹም መልካቸውን ይቀይራሉ። በተለይ ቲጂኤፍ-ቤታ የተባለው የምልክት ፕሮቲን ሲነካቸው እየረዘሙ ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ይሄዳሉ። በማይክሮስኮፕ ብቻ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሴሉን ዓይነት በሚለዩ ፕሮቲኖች ላይ በሚጣበቅ አንቲቦዲ ሴሎቹን ያቅልሙ። ሲዲ31 (የኢንዶቴልያል ሴል መለያ)፣ አልፋ-ኤስኤምኤ (ለውጥ ላይ ያለ ሴል የሚያሳየው) እና ፒዲጂኤፍአር-አልፋ (የፋይብሮብላስት መለያ) ይበቃሉ። ረዣዥሞቹ ሲዲ31 ከሌላቸውና ፒዲጂኤፍአር-አልፋ ካሳዩ ፋይብሮብላስት ናቸው። አንዱ ሴል ሲዲ31ንም አልፋ-ኤስኤምኤንም ከያዘ ለውጥ ላይ ነው። ለውጡን የጨረሰ ሴል ሲዲ31 ስለሚያጣ አይዘግዩ፤ የመጀመሪያዎቹ ረዣዥሞች እንደታዩ ይመርምሩ። አንቲቦዲው የአይጥ ሲዲ31ን የሚይዝ መሆኑንም ያረጋግጡ። ለሰው ሴል የተሠሩት ብዙዎቹ አይሠሩም። ሴሎችን ከሳህኑ የሚያላቅቀው ትራይፕሲንም የሴሉን የላይ ፕሮቲኖች ሊቆርጥ ስለሚችል ሴሎቹን ሳያነሱ እዚያው ሳህኑ ላይ ቢያቀልሙ እመርጣለሁ።

ፋይብሮብላስት ከሆነ በሲዲ31 ማግኔቲክ ቢድ (ሲዲ31 ያላቸውን ሴሎች ይዞ በማግኔት በሚሳብ ጥቃቅን ዶቃ) እንደገና ያጥሩ። ሴሎቹ ሲበዙ አይካም-2 በተባለው ሌላ የኢንዶቴልያል መለያ አንድ ጊዜ ይድገሙት። ፋይብሮብላስቱ ከግማሽ በላይ ከሆነ ግን ልፋቱ አያዋጣም፤ ሌላ ቫያል (ቀዝቅዞ የተቀመጠ የሴል ብልቃጥ) ያውጡ።

ለውጥ ከሆነ አያያዙን ይመልከቱ። ሴሎቹ ተራርቀው መቀመጥ አይወዱም። በካሬ ሴንቲሜትር ከ5,000 እስከ 10,000 አድርገው ይዝሩ። ባዶ ፕላስቲክ ላይ ሳይሆን በጄላቲን ወይም በፋይብሮኔክቲን በተቀባ ፍላስክ ላይ ይሁን። ደጋግሞ ማሻገርም ያደክማቸዋል፤ ሙከራዎን በመጀመሪያዎቹ ፓሴጆች ይጨርሱ።

አዲስ ቫያል ሲያወጡ በ37 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ቶሎ ያሟሙት። ትንሽ በረዶ ሲቀረው ያውጡት። ዲኤምኤስኦውን (ሴሎቹን ሲቀዘቅዙ የሚጠብቀውን ኬሚካል) ላስወግድ ብለው ወዲያው ሴንትሪፊዩጅ አያድርጉ። ገና የነቁ ሴሎችን ከትንሽ ዲኤምኤስኦ ይልቅ መሽከርከሩ ይጎዳቸዋል። በበቂ ሚዲያ (የማሳደጊያ ፈሳሽ) አቅጥነው ይዝሩ፤ ሚዲያውን በማግስቱ ይቀይሩ። እያንዳንዱ ቫያል የእንስሳት ሕይወት የተከፈለበት ነው። በጥድፊያ ሲበላሽ ከልቤ ያሳዝነኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቆዳ ውስጥ የሊምፍ ቧንቧዎችም አሉ፤ የእነሱም ሴሎች ሲዲ31 አላቸው። ስለዚህ ቢዱ ሁለቱንም ይይዛል። ምርምርዎ የደም ሥርን ብቻ የሚመለከት ከሆነ የሊምፍ ሴል መለያ የሆኑትን ላይቭ-1ን ወይም ፖዶፕላኒንን ያቅልሙና ስንቱ የሊምፍ እንደሆነ ይቁጠሩ።