የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ሳሙና የማይዝ ውሃ፣ ቶሎ የሚቃጠል ቦይለር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። መንደራችን ከከተማ ወጣ ያለ ነው፤ ውሃችን ከጥልቅ ጉድጓድ ይመጣል። ሳሙና አያረፋም፣ ብርጭቆ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይቀርበታል፣ የውሃ ማፍያው ውስጡ ቅርፊት ይጋገርበታል። አንዱ ክር፣ ሌላው ከሰል የሆነ ባለ ሁለት ክፍል ማጣሪያ አስገጥሜ ምንም ለውጥ አላየሁም። ተታልዬ ይሆን? ውሃውስ ለጤና አይጎዳም?

መልስ፦ ማጣሪያው ሳይበላሽ አይቀርም ብለው አይጠርጥሩት፤ የተጠበቀበት ሥራ የእሱ ስላልሆነ ነው። ክሩ አሸዋና ዝገት ይይዛል፤ ከሰሉ ክሎሪንና ሽታ ይቀንሳል። እርስዎን ያስቸገሩት ካልሲየምና ማግኒዚየም ግን በውሃው ውስጥ ሟምተው ስላሉ ክሩንም ከሰሉንም አልፈው ይሄዳሉ። ሳሙናው የማያረፋውም ከእነሱ ጋር ተጣብቆ ወደ ዝቃጭ ስለሚለወጥ ነው።

ሌላ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት የውሃውን ጥንካሬ፣ ማለትም የካልሲየምና የማግኒዚየሙን መጠን ይለኩ። ጠብታ በጠብታ የሚጨመርበት የመለኪያ ኪት በቂ ነው፦ መመሪያው የሚለውን ያህል ውሃ (ብዙ ጊዜ 5 ሚሊ ሊትር) ቀድተው፣ ቀዩ ቀለም ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ አረንጓዴ እስኪዞር ጠብታዎቹን ይቁጠሩ። በብዙዎቹ ኪቶች አንድ ጠብታ አንድ የጀርመን ዲግሪ (የጥንካሬ መለኪያ) ነው፤ በ17.8 ሲያባዙት በካልሲየም ካርቦኔት ተሰልቶ በሊትር ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነ ያገኛሉ። እስከ 60 ለስላሳ፣ እስከ 120 መካከለኛ፣ እስከ 180 ጠንካራ፣ ከዚያ በላይ በጣም ጠንካራ ይባላል። ከ120 በታች ከሆነ አቼቶና ትዕግሥት ይበቃዎታል፤ ማሽን አያስፈልግም።

ከ200 በላይ ከሆነ ግን መፍትሔው በጨው የሚሠራ ማለስለሻ ነው። በውስጡ ያለው ሬዚን (ጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብሎች) ካልሲየሙን ይዞ በምትኩ ሶዲየም ይለቃል፤ ሲሞላ በጨው ውሃ ይታደሳል። መጠኑን ሻጩ በዓይኑ ገምቶ እንዳይሰጥዎ ራስዎ ያስሉት። አራት ሰዎች በቀን በነፍስ ወከፍ 120 ሊትር ቢጠቀሙ 480 ሊትር ነው። ጥንካሬው 300 ከሆነ በቀን 144 ግራም መያዝ አለበት። አንድ ሊትር ሬዚን በተለመደው አሠራር 50 ግራም ገደማ ይይዛል፤ ስለዚህ 10 ሊትር ሬዚን ለሦስት ቀን ተኩል ያገለግላል። በየሦስት ቀኑ እንዲታደስ ያስተካክሉት፤ ለእያንዳንዱ እድሳት ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ጨው ይሄዳል።

ማለስለሻ ካስገጠሙ በኋላ «ሥራ አቆመ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በጨው ሳጥኑ ምክንያት ነው። ጨው ከላይ ተጋግሮ ከሥሩ ባዶ ይሆናል፤ ሲያዩት ሙሉ ይመስላል፣ ውሃው ግን ጨው አይደርሰውም። በእንጨት ዘንግ ቀስ ብለው ይስበሩት። ዱቄት ጨው ቶሎ ስለሚጋገር የማለስለሻ ጨው በእንክብል መልክ ያለውን ይምረጡ። ክሎሪን ሬዚኑን ያረጀዋል፣ ብረት ይደፍነዋል፤ የገዙት የክርና የከሰል ማጣሪያ ከማለስለሻው በፊት ቢገጠም ቦታውን አገኘ ማለት ነው።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ከ300 የጥንካሬ መጠን ሁሉም ቢወገድ በሊትር 138 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየም ይጨመራል። ጨው እንዲቀንስ በሐኪም የታዘዘ ሰው ወይም የዱቄት ወተት የሚበጠበጥለት ሕፃን ካለ፣ የወጥ ቤቱ ቀዝቃዛ መስመር ማለስለሻውን ሳይነካ በቀጥታ ይምጣ። የአትክልት መስመሩም እንዲሁ።

ስለ ጤና፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለውሃ ጥንካሬ በጤና ረገድ ያስቀመጠው ገደብ የለም። ጥንካሬው ግን ስለ ሌላው ምንም አይነግርዎትም። የጉድጓድ ውሃ ለፍሎራይድ (ገደቡ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም)፣ ለናይትሬት (50 ሚሊ ግራም) እና ለጀርም በላቦራቶሪ መመርመር አለበት፤ ማለስለሻ ለእነዚህ የተሠራ አይደለም።

ጥያቄ፦ የቦይለራችን ሬዚስታንስ (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) ደጋግሞ ይቃጠላል። ከመቃጠሉ በፊት እንደሚንጣጣ ድምፅ ያሰማል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ድምፁ ከቅርፊቱ ሥር የታፈነ ውሃ ሲፈላ የሚሰማ ነው። ውሃ ሲሞቅ በውስጡ የሟሟው ባይካርቦኔት ይፈርስና ኖራው በጣም የጋለው ቦታ ላይ፣ ማለትም ሬዚስታንሱ ላይ ይለጠፋል። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ሬዚስታንሱ ራሱን ያቃጥላል።

ማብሪያውን ከቆጣሪው ሳጥን ያጥፉ፣ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። የመግቢያውን ሳራቺኔስካ ዘግተው፣ አየር እንዲገባ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍተው ቦይለሩን ያፍስሱ። ሬዚስታንሱን አውጥተው፣ የኤሌክትሪክ ጫፉ ሳይነካ፣ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ 50 ግራም ሲትሪክ አሲድ በጥብጠው ይዘፍዝፉት። የፈላ ውሃ አይጠቀሙ፤ ሲትሪክ አሲዱ ከካልሲየሙ ጋር ሌላ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል። በረኪና ደግሞ ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የጋኑን ውስጥ በብረት አይፋቁ፤ ሽፋኑ ከተጫረ ዝገት ይጀምራል። ማግኒዚየም አኖዱ (ጋኑ እንዳይዝግ በእሱ ፈንታ የሚበላው ዘንግ) በግማሽ ካለቀ ይቀይሩት፣ የሬዚስታንሱን ማሸጊያ ጎማም አዲስ ያድርጉ። ጋኑ ሞልቶ በሙቅ ቧንቧው በኩል ውሃ ሳይወርድ ማብሪያውን አያብሩ፤ ባዶ ጋን ውስጥ አዲስ ሬዚስታንስ ወዲያው ይነዳል።

ሙቀቱን 60 ዲግሪ ላይ ያድርጉት። ከዚያ በላይ ቅርፊቱ ይፋጠናል፤ ከ50 በታች ከወረደ ደግሞ ሌጅዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ ጋኑ ውስጥ ሊራባ ይችላል።

ጥያቄ፦ በብዕር መሰል መለኪያ ስለካው ከማለስለሻው በፊት 450፣ በኋላ 460 አነበበ። ማሽኑ አይሠራም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ያ መለኪያ የሚያነበው የሟሟውን ሁሉ ድምር ነው። 40 ሚሊ ግራም ካልሲየም ወጥቶ 46 ሚሊ ግራም ሶዲየም ሲገባ ንባቡ አይቀንስም፣ ትንሽ ሊጨምርም ይችላል። ጥንካሬን የሚያሳይዎት የጠብታው ኪት ነው።

ጥያቄ፦ ውሃው እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይወርዳል። ኖራ ነው?

መልስ፦ ብርጭቆ ውስጥ ቀድተው ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ። ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው፤ ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ ያጋጥማል፣ ጉዳትም የለውም። ነጩ ወደ ታች ከዘቀጠ ግን ኖራ ወይም ደለል ነው፤ ያን ጊዜ የቧንቧውን አፍ ወንፊት ፈትተው ለአንድ ሰዓት አቼቶ ውስጥ ይዘፍዝፉት፣ የዘቀጠው አሸዋ ከሆነ ደግሞ የክሩን ማጣሪያ ይቀይሩ።